ሽማግሌውን ወሰዱት

ሰኞ፣ የካቲት 9

ዛሬም ባዶ እጄን ተመለስኩ። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ቀጥታ ክልሉ ቢሮ ሄድኩ። ሰውየው ማመልከቻዬን አገላበጠና «ይሄ ከእኛ እጅ ወጥቷል፣ ፌዴራሎቹን ይጠይቁ» አለኝ። ፌዴራሎቹ ባለፈው ዓርብ «ክልላችሁ ይጻፍልን» እንዳሉኝ ነገርኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ላየን ሰው እስክስታ የጀመርን ነው የምንመስለው።

ነገሩ የአባዬ ጠመንጃ ነው። ከአያታችን የወረሰው ምንሽር፣ ሰደፉ ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረ። ከአባዬ ዕድሜ ስለሚበልጥ ቤታችን ውስጥ «ሽማግሌው» ነው የምንለው። ልጆች ሳለን ለጨዋታ ነበር። ዛሬ ስልክ ላይ ጠመንጃ የሚል ቃል ደፍሮ የሚያወጣ ሰው ስለሌለ ስሙ ጠቀመን። ጎረቤቶቻችንም የየራሳቸው አላቸው፤ አንዱ «በሬው» ይለዋል፣ ሌላው «ጤፉ»። ሰሚ ቢኖር አገሩ ሁሉ ስለ እርሻ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ክልሉ ድሮ ለአባዬ ፈቃድ ሰጥቶታል። ፎቶውና ማኅተም ያለበት ካርድ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ዳዊቱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። አሁን ደግሞ በድምፅ ማጉያ፣ አሮጌው ካርድ አይሠራም፣ ሁሉም መሣሪያውን ወረዳው ከተማ አምጥቶ በፌዴራሉ ሕግ እንደ አዲስ ያስመዝግብ ተባለ። ያላስመዘገበ ይወረሳል፣ ይከሰሳል። እሺ፣ መልካም። ግን አዲሱን ፈቃድ ሳይይዝ መንገድ ላይ ከነመሣሪያው የተገኘም ይወረሳል፣ ይከሰሳል። ከአባዬ ቤት እስከ ወረዳው ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው፤ ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ፈቃድ ለማውጣት ጠመንጃውን ይዞ መሄድ አለበት፤ ይዞ ለመሄድ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። እኔ የምለምነው ከቤት እስከ ከተማ የሚያሳልፈው አንዲት ወረቀት ነው። ያቺን ወረቀት የሚጽፍ እጅ ጠፋ።

የመጨረሻው ቀን የሚመጣው ሰኞ ነው። አባዬን አውቀዋለሁ። ወይ ይዞት ይወርድና ኬላው ላይ ይይዙታል፣ ወይ ቤቱ ቁጭ ብሎ «የሚፈልግ ይምጣ» ይላል። ሁለቱም እንቅልፍ ይነሱኛል። ጠመንጃው ቢኖር ባይኖር ግድ የለኝም፤ ሰባ ያለፈው አባቴ እስር ቤት ሳይገባ ይሄ ነገር ይለፍልኝ ብቻ።

ጾሙ ዛሬ ገባ። እግሬን ነው የሚያመኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

እግዜር ሲቀልድብኝ፣ በዚህ ሳምንት ለአሥረኛ ክፍል የማስተምረው የፌዴራል መንግሥትና የክልሎችን ሥልጣን ነው። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ ማተም። በቀኝ የክልል ፖሊስ፣ የክልል ሕገ መንግሥት፣ የመሬት አስተዳደር። ጠመኔው እጄ ላይ እየተሰባበረ አስቸገረኝ።

ከፊት የምትቀመጠው ሃና እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የአባቴ ክላሽ በየትኛው በኩል ነው?»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም መልሱን ይፈልጋል። የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፣ አንቀጽ ሃምሳ አንድ ላይ አለ፣ ብዬ በግራ በኩል ጻፍኩት። «ታዲያ ካርዱን የሰጠው ክልል ነው» አለች። ሕግ ማውጣት ሌላ ነው፣ ማስፈጸም ሌላ ነው፣ ውክልና የሚባል ነገርም አለ፣ አልኳት። «ውክልናው ሲነሳ ካርዱ ይሞታል?» አለችኝ። ይቺ ልጅ ጠበቃ ትሆናለች።

ከኋላ አንዱ የገጠር ልጅ፣ ጠመንጃ የሌለበት ቤት ከብት አያድርም አለ። ወዲያው ከመስኮቱ በኩል ሌላዋ፣ «እኛ ቤት ጠመንጃ ነበረ፤ ወንድሜን የገደለውም እሱ ነው» አለችና አጎነበሰች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ይሄን በየትኛው በኩል እንደምጽፈው ግን አላወቅኩም። ደወሉ አዳነኝ።

ከሰዓት በኋላ ፌዴራሉ ቢሮ ገባሁ። ልጁ ትሑት ነው፤ ወንበር ሁሉ ሳበልኝ። «አባትዎ መሣሪያውን ይዘው ይምጡ» አለኝ። በየት በኩል አልኩት። በመንገድ አለ። ኬላውስ አልኩት። «ፈቃዳቸውን ያሳያሉ።» የምንለምነው እኮ ፈቃዱን ነው አልኩት። አሰበ፣ አሰበና፣ «እሱስ እውነትዎን ነው» አለ። ከዚያ ወንበሬን መልሶ ወደ ቦታው ገፋው።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

አባዬ ደወለ። ኔትወርክ ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ስላለበት ድምፁ ከነነፋሱ ነው የሚመጣው። ሰላምታው ብቻ ግማሹን ጊዜ ፈጀው። ልጆቹ ደኅና፣ ላሟ ደኅና፣ ወንድምሽ ማሩ ደኅና፣ ዝናብ የለም።

«ሽማግሌውን ይዘኸው እንዳትወጣ፤ ወረቀት እስካገኝ ከደጅ አይውጣ» አልኩት።

«እሺ» አለ። እሺታው ፈጠነብኝ።

«አባዬ፣ ማርያምን በል።»

«ማርያምን። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ያልሽው ይሁን።»

እዚያ ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። አፌ አላርፍ አለና፣ ለምን አስረክበኸው አትገላገልም አልኩት። በክረምት የጎረቤታችን በሬዎች የተነዱ ጊዜ ፖሊስ የደረሰው በሬዎቹ ሥጋ ሆነው ካለቁ በኋላ መሆኑን አስታወሰኝ። የእኛ በረት ያልተነካው ሽማግሌው ስላለ ነው፤ ሌቦቹ ያውቁታል፣ አለኝ። ተኩሶበት እንደማያውቅም ሌቦቹ አያውቁም። ቀጥሎ ያለኝ ነው ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ የዋለው።

«ምነው ልጄ፣ ማኅተሙን የሰጠኝ መንግሥት አይደለም ወይ? መንግሥት ስንት ነው?»

«አንድ ነው አባዬ።»

«ታዲያ ምነው ሁለት ጊዜ ይጠይቀኛል?»

አሥራ ሰባት ዓመት ይሄንኑ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

ማታ ለደሳለኝ ነገርኩት። ባሌ ፋርማሲስት ነው፤ ሆስፒታል ነው የሚሠራው፤ የጥይት ቁስል ሲያይ ነው የሚውለው። «ለአንድ ዝገት ብላችሁ ሰው ታስበላላችሁ» አለ። ጠዋት እኔ ለአባዬ ያልኩትን ነው ያለው፣ ቃሉን ለወጥ አድርጎ። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። አንተ ከተማ ያደግክ፣ ከብት ሲነዳብህ አታውቅ፣ ብዬ ወረድኩበት። እሱ ሽሮውን ጨረሰ። እኔም ለምን እንደተቆጣሁ ሳይገባኝ ሳህን አጠብኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ትንሽ ድል!

ክልሉ ቢሮ ኮሪደር ላይ «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የዛሬ ስንት ዓመት ያስተማርኩት ልጅ ነው፣ አሁን እዚያው ይሠራል፤ ድሮ ፈተና ሲኮርጅ ሁለት ጊዜ ይዤው ነበር። ቂም አልያዘብኝም። ወረቀቱን ከማንም እንደማላገኝ በግልጽ ነገረኝ፤ ሁለቱም ወገን ቀድሞ መፈረም አይፈልግም። «የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ግን ደኅና ሰው ነው፣ ኢንስፔክተር ነው፤ እሱን ያናግሩት» ብሎ ስልክ ቁጥሩን ሰጠኝ።

ኢንስፔክተሩ በሁለተኛው ሙከራ አነሳ። የደከመው ሰው ድምፅ አለው፤ ወዲያው ወደድኩት። ወረቀት መጻፍ እንደማይችል ነገረኝ። ግን አባትዎ ነገ ካርዳቸውን ብቻ ይዘው ይውረዱ፣ መዝጋቢዎቹን አብረን እናናግራቸው፣ መሣሪያው እንዴት እንደሚመጣ እዚያው እንስማማለን አለኝ።

ለማሩ ደወልኩ፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ ገባልኝ። ነገሩን ሦስት ጊዜ አስደገምኩት። አባዬ ነገ ጠዋት ይውረድ። ካርዱን ይያዝ። ሽማግሌው ቤት ይቆይ። «እሺ እታለም፣ ሰምቻለሁ፣ እኔ እኮ ደንቆሮ አይደለሁም» አለኝ።

ዛሬ ሻይ በስኳር ጠጣሁ። እሑድ ማድረግ ያለብኝ፦ ፈተና ማረም፣ የደሳለኝን ጋውን ማጠብ፣ መተኛት።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ተገላገልን።

የምሳ ሰዓት ላይ ማሩ ደወለ። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፤ ከበስተጀርባው ሰው ይጯጯሃል። «እታለም፣ ሽማግሌውን ወሰዱት!» አለኝ። ምን? ማን ወሰደው? አልኩት። «ሽማግሌውን ወሰዱት እኮ ነው የምልሽ፣» ከዚያ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል የሴትዮዋ ድምፅ ብቻ ነው፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም።

አባዬ ከተማ በወረደበት ሰዓት ቤት መጥተው ወስደውታል ማለት ነው። እሱ በሌለበት መሆኑ ደግሞ እሰይ የሚያሰኝ ነው፤ ቢኖር በሩ ላይ ይቆምባቸው ነበር። አሁን ኬላ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ሰኞ የለ። ከደረቴ ላይ ድንጋይ የወረደልኝ ያህል ነው። አስተማሪዎች ክፍል ገብቼ ያለ ምክንያት ሳቅሁ፤ ምን አግኝታ ነው አሉ።

ለደሳለኝ ደወልኩና፣ «ሽማግሌው ተወሰደ፣ ተገላገልን» አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ከልቡ ነው። ስገባ ተልባ ገዛሁ። ፍትፍቱን ሠርቼ ሁለታችንም ሁለት ጊዜ ጨመርን። የረቡዑንም ኩርፊያ እዚያው ተውነው። ሳህን ሳጥብ እያዜምኩ እንደነበር ደሳለኝ ነው የነገረኝ።

አባዬ ግን ያሳዝነኛል። ግድግዳው ላይ ባዶውን ችንካር ሲያይ ምን ይላል? ለፋሲካ አዲስ ጋቢ እገዛለታለሁ። ጋቢ ጠመንጃ አይሆንም፣ አውቃለሁ።

ስልኩ አሁንም አይሠራም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14



ማሩ ጠዋት መጣ። አቧራ ለብሶ፣ በጎማ ጫማው፣ በራችን ላይ ቆሞ። እንደ ልማዴ አገላብጬ ሳምኩት፤ ግባ፣ ተልባ አለ፣ አልኩት። እሱ ከበሩ አልተነቃነቀም፤ እኔ አወራለሁ።

«አባዬስ እንዴት ሆነ? ሽማግሌው ከተወሰደ በኋላ አኮረፈ?»

ማሩ እንደ እብድ አየኝ። «ምን ትያለሽ እታለም?»

«ወሰዱት አላልከኝም እንዴ?»

«ሽማግሌውማ ችንካሩ ላይ ተሰቅሏል። የወሰዱት አባዬን ነው።»

ተቀመጥኩ። የት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ደሳለኝ የጫማ መደርደሪያው ላይ ነበርሽ ይላል።

እንዲህ ነው የሆነው። አባዬ ያልኩትን አደረገ። ካርዱን በላስቲኩ ይዞ ወረደ። ኢንስፔክተሩ ለሌላ ጉዳይ ማልዶ ወጥቶ ኖሮ አልተገናኙም። አባዬ ብቻውን መዝጋቢዎቹ ዘንድ ቀረበ። መሣሪያው የታለ አሉት። ቤት ነው አላቸው። ለምን አላመጣኸውም አሉት። «ልጄ አስተማሪ ናት፣ ይዘህ አትውጣ ብላኛለች» አላቸው። ካርድ እያሳየ መሣሪያውን የደበቀ ነው ተባለና፣ ጠመንጃው እስኪመጣ እዚያው ይቆይ ብለው አስቀሩት። ሕጉን ያከበረ እሱ ብቻ፣ የታሰረም እሱ ብቻ።

ገበያው ውስጥ የነበረ የአገራችን ሰው ሁሉ «ሽማግሌውን ወሰዱት፣ ሽማግሌውን ወሰዱት» እያለ ይጮህ ነበር። ለገበያ የወረደው ማሩም በድንጋጤ ስልኩን ሲያነሳ የሰማውን ነው ያለኝ። «እኔ በምን ልጥራው?» አለኝ፤ ሊያለቅስ ደርሶ። «ሽማግሌ አይደለም ወይ?»

አባቴ ሲታሰር ተልባ በላሁ። አዜምኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ተባለ፣ በእኔ ቤት፣ በእኔ ስልክ። ደሳለኝ፣ አላወቅሽም፣ አላወቅንም ይለኛል። ማሩ ራሱ ያጽናናኛል። መጽናናት አልፈልግም።

ማሩ ጠመንጃውን ይዞ መውረድ ፈርቶ ነው ወደ እኔ የመጣው። ባይፈራ ኖሮ ዛሬ ሁለት እስረኛ ነበረን። ነገ አብረን እንሄዳለን። ለርእሰ መምህሩ ደውዬ ሰኞን አስፈቅጃለሁ። ለምን ሲለኝ አባቴ ታሞ አልኩት። ምን ልበለው።

እሑድ፣ የካቲት 15

ከወረዳው ከተማ፣ ከአንዲት አልቤርጎ ነው የምጽፈው። ብርድ ልብሱ የሌላ ሰው ሽታ አለው።

ጠዋት በሚኒባስ ወጣን። ከጎንደር መውጫ፣ ወለቃ ላይ ሸክላ ሻጮቹ ገና እቃቸውን እየደረደሩ ነበር። ከዚያ በኋላ መውረድ፣ መፈተሽ፣ መሳፈር፤ መውረድ፣ መፈተሽ፣ መሳፈር። አንዲት ሴትዮ በያንዳንዱ ፍተሻ የሽንኩርት ከረጢቷን ስትፈታ ስታስር ሽንኩርቱ አለቀባት።

አባዬ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አልከሳም፣ አልተመታም፣ ተመስገን። የጣቢያው ሰዎች «አያ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ አንዱ ፖሊስ የራሱን ፍራሽ ሰጥቶታል። እኔን ሲያይ መጀመሪያ ያለኝ፣ «ተማሪዎችሽን ማን ያዘልሽ?» ነው።

ኢንስፔክተሩ እንደ ድምፁ ነው፤ ዓይኑ ሥር የጠቆረ፣ ሸሚዙ በአንገቱ በኩል ያለቀ። ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። «ቲቸር፣ እኔ የክልል ፖሊስ ነኝ። ምዝገባው የፌዴራል ነው። ይቆዩ ያሉት እነሱ ናቸው፣ ግቢው የእኔ ነው። ልልቀቃቸው ብል ሥልጣኔ አይደለም፤ አስረኻል ቢሉኝ ደግሞ አላሰርኩም።»

«ታዲያ አባቴ እዚህ ምንድን ነው?» አልኩት።

አሰበ። «እንግዳ» አለ።

ነገ ከቀኑ መጨረሻ በፊት ጠመንጃው ካልመጣ ግን እንግድነቱ ያበቃል። መዝገብ ተከፍቶበት ወደ ፍርድ ቤት ይተላለፋል። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ እንኳ ገና አልተስማሙም።

ማሩ ይዤው ልውረድ አለ። ኢንስፔክተሩ፣ ኬላው የእኔ አይደለም፣ ወታደሮቹ ወጣት ወንድ ጠመንጃ ይዞ ሲመጣ ካዩ አይጠይቁም አለው። አይጠይቁም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አላብራራም። ማሩ የሚስቱን እርግዝና እስካሁን ለአባዬ አልነገረውም፤ ለእኔ መኪና ውስጥ ነው የነገረኝ። ስለዚህ ማሩ ጠመንጃ አይይዝም። ይሄን እኔ ወሰንኩ፤ ለዚህ የማንም ፊርማ አያስፈልገኝም።

እንዲሁ ተፋጠን ተቀምጠን ሳለ አባዬ ለቀልድ፣ «ሽማግሌ መራመድ ካቃተው ምነው በቃሬዛ አይመጣም?» አለ።

ማሩ ፈገግ አለ። ኢንስፔክተሩ ግን አልሳቀም፤ ቀና ብሎ አየው። እኔም ሰሌዳው ትዝ አለኝ፤ በግራ በኩል በራሴ እጅ የጻፍኩት። የጦር መሣሪያ ስለመያዝ። መያዝ! ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ጥይቱ ለብቻው፣ አራት ሰው ቢሸከመው፣ ጠመንጃውን የያዘው ማን ነው? ማንም። ይሄን ስል ኢንስፔክተሩ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። ሕጉ እንዲህ ማለቱ አይመስለኝም አለ። እኔም አይመስለኝም አልኩት። ግን ከሩቅ ሲታይ በሽተኛ ነው፤ በሽተኛ ላይ ማንም ቶሎ አይተኩስም። «ወረቀት መጻፍ አልችልም፤ መንገድ ላይ ወጥቶ ከሰው ጋር መሄድ ግን ማን ይከለክለኛል?» አለ።

ማሩ ሰዎች ሊያስተባብር በዚያው አቀበቱን ወጣ።

ብቻችንን ስንቀር ለአባዬ ነገርኩት። ዓርብ ዕለት አንተ ስትወሰድ ጠመንጃው መስሎኝ ደስ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ አልኩት። ጢሙን እየነካካ አየኝ።

«ምን ሠርተሽ በላሽ?»

«ተልባ ፍትፍት።»

«ሸጋ አድርገሻል። እኔ እኮ እዚህ ሽሮ ነው የሰጡኝ።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀስኩት። አባዬ ፊቱን አዙሮ ባሕር ዛፉን ያይ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 16

ኪዳነ ምሕረት። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ከተማውን ሞልቶት ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም፤ ከኢንስፔክተሩ ጋር ከኬላው አልፈን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። እሱም ልጆች አሉት፣ እሱም ደመወዙ ዘግይቷል፣ እሱም አባቱ ቤት አንድ ሽማግሌ አለ። የእነሱ ጓንዴ የሚባለው አሮጌ ጠመንጃ ነው አለኝ።

ፀሐይ ከረር ሲል ከጋራው ላይ ታዩ። አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሟል፣ ሌሎች ለመቀየር ይከተላሉ፣ ከፊት የእድሩ ዳኛ በነጭ ነጠላ። ሽማግሌው በአባዬ ጋቢ ተጠቅልሏል። ጥይቶቹ በአገልግል። አካሄዳቸው ሰው እንዳይጎዳባቸው እንደሚጠነቀቁ ነው፤ ስለለመዱት ይሆናል፣ ስንት ምጥ የያዛት ሴት በዚያው ቃሬዛ ወርዳለች።

ከንግሥ የሚመለሱ ሴቶች መንገድ ለቀቁ። አንዷ፣ ማን ነው የታመመው ብላ ጠየቀች።

«ሽማግሌው ነው» አላት ከተሸካሚዎቹ አንዱ።

«ምን አገኘው?»

«እርጅና።»

«እሷ ትማረው» አለችና ተሳለመች። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ኬላው ላይ ወታደሩ እጁን አነሳ። ልጅ ነው፤ ከሌላ ክልል የመጣ፣ አማርኛው ገና ያልሰላ። ጋቢውን በጣቱ ገለጥ አደረገና አፈሙዙን አየ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ማሩ ከፊት በቀኝ በኩል ነበር፣ ሁለቱም እጁ ቃሬዛው ላይ። እጅህን አታንሳ፣ አታንሳ፣ እያልኩ በሆዴ ስለምን ነበር። ሌላ ምንም አላሰብኩም፤ ሕግም፣ አንቀጽም፣ አባዬንም።

«ማን ነው የያዘው?» አለ ወታደሩ።

«ማንም አልያዘውም» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ቀስ ብሎ። «ለምዝገባ እየሄደ ነው። እኔ ደግሞ አብሬው ነኝ።»

ልጁ አለቃውን በሬዲዮ ጠራ። ቃሬዛው ሳይወርድ በትከሻ ላይ እንዳለ ጠበቅን። ቆም ብሎ መጠበቅ እንዲህ የሚያደክም መሆኑን አላውቅም ነበር። አለቃው መጣ፣ ጋቢውን ገለጠ፣ የተሰነጠቀውን ሰደፍ አየ፣ ሽቦውን ነካ። «ይሄ ይተኩሳል?» አለ። የእድሩ ዳኛ፣ «እንጃ ልጄ፣ እኛ ሲተኩስ አላየነውም» አለው። አለቃው ጋቢውን መልሶ ሸፈነው፣ ሰው እንደሚሸፍን። «ሂዱ። አንተም አብረሃቸው ሂድ» አለው ልጁን።

እንዲህ ሆነን ከተማ ገባን። ከፊት የፌዴራሉ ወታደር፣ ከኋላ የክልሉ ኢንስፔክተር፣ መሐል ላይ ሽማግሌው። ለስንት ሳምንት አንድ ላይ ማግኘት ያልቻልኳቸው ሁለቱ መንግሥታት ዛሬ በአንድ መንገድ ሄዱ። እነሱም ደክሟቸዋል፣ ያስታውቃል።

መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ጻፉ፣ አባዬ አሻራ ሰጠ፣ ካርዱን ተቀበሉት። አሁን ሂዱ ተባለ። ጠመንጃው ግን ፈቃዱ እስኪወጣ እነሱ ጋ ይቆያል። ፈቃዱ መቼ ይወጣል? ክልሉ አጣርቶ ሲልክ። ክልሉ መቼ ያጣራል? ፌዴራሉ ሲጠይቅ። አልተቆጣሁም። ለመቆጣትም አቅም ይፈልጋል።

አባዬ ሰደፉን በመዳፉ አንዴ ዳበሰው። ከዚያ መዝጋቢውን፣ «መቼ ይፈታል?» አለው።

መዝጋቢው ግራ ገብቶት፣ «ማን? እርስዎ ተፈተዋል እኮ አባት» አለው።

አባዬ ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣለ። ከበር ስንወጣ ማሩ የሚስቱን ነገር ነገረው። አባዬ ቆመ፣ ቀና አለ፣ «በረቱን ማጠር አለብን» አለ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ጎንደር። ትናንት በመጨረሻው መኪና ገባሁ። ዛሬ ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ የከፈልኩት መስመር አልጠፋም፤ ማንም አላጠፋውም። ሃና ጥያቄዋን አልረሳችም፤ ካርዱ ይሞታል ወይ አለችኝ እንደገና። ካርዱ ይሞታል፣ ሰውየው ግን እንዲኖር ሰው አብሮት መሄድ አለበት አልኳት። ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ አለች። አይመጣም አልኳት። ደብተሯን ዘጋች።

የእረፍት ሰዓት ላይ ማሩ ከጉብታው ደወለ። ነፋሱ አለ።

«እታለም፣ ሽማግሌው ቤት ገባ።»

«የትኛው? ማሩ፣ የትኛው?»

«አባዬ ነዋ። ያኛውማ ገና ነው።»

ችንካሩ ባዶ ነው አለኝ። ትናንት ማታ ውሻው ሲጮህ አባዬ ዱላ ይዞ ወጥቶ በረቱ በር ላይ ቆሞ ቆየ። ምንም አልነበረም፤ ጅብ ነው። ዛሬም ይወጣል፣ ነገም ይወጣል። ማሩ እኔ ተራ ልያዝ ቢለው እምቢ አለው። ሌቦቹ ጠመንጃው አለመኖሩን ሲሰሙ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ማንን እንደምጠይቅም አላውቅም፤ ግራውን ወይስ ቀኙን።

ከዚያ አባዬ ስልኩን ተቀበለው። ሰላምታውን ሁሉ ጨረሰ፣ ልጆቹ፣ ላሟ፣ ዝናቡ። በመጨረሻ፣ «ስሚ ጥሩዬ፣ ከእንግዲህ እኔን ማንም ሽማግሌው እንዳይለኝ። ስም አለኝ። ብወሰድም ብመለስም በስሜ ጥሩኝ» አለኝ።

እሺ አልኩት። ይሄን ማስታወሻ ስጽፍ ስንት ዓመቴ ነው፣ የአባቴን ስም ግን አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። መንገሻ ነው ስሙ። አባቴ መንገሻ ዛሬ ቤቱ ገብቷል።